የወሰንየለህ ወሰን

የወሎ ቦረና ሰው ለጋስ ነው። በሬ ቢጎድላችሁ በሬውን ያውሳችኋል፤ ዘር ቢያጥራችሁ ከጎተራው ይሰፍርላችኋል፤ በእንግድነት ብትመጡበት አልጋውን ለቆላችሁ መደብ ላይ ይተኛል። ይህ ሁሉ ደግነቱ ግን እስከ አንዲት ፈር ድረስ ነው። በሬዎቻችሁ ጥጉ ላይ ሲዞሩ ከእርሻው አንዲት ፈር ነክተው ከተመለሱ፣ ትናንት አልጋውን የለቀቀላችሁ ሰው ዛሬ ሦስት ምስክርና አንድ ዱላ ይዞ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ድንበር ገፊ መባል ሌባ ከመባል ይብሳል። ሌባ የሰረቀውን በልቶ ይጨርሰዋል፤ ድንበር ገፊ ግን ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል።

ይህን የምላችሁ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል በመካነ ሰላም ዙሪያ መሬት ስለካ ኖሬያለሁ። ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋውን ሜትሬን በትከሻዬ አንግቼ ያልወጣሁት ዳገት፣ ያልወረድኩት ቁልቁለት የለም። ለአንድ ክንድ መሬት አሥር ዓመት ያልተነጋገሩ ወንድማማቾችን ድንጋይ ተክዬ አስታርቄያለሁ። ሰዉ ስሜን ረስቶ «ጋሽ ሜትሩ» ይለኛል። ባለቤቴ ሙሉነሽም ስትቆጣኝ እንደዚሁ ትለኛለች፤ ሳትቆጣ ምን እንደምትለኝ ግን የእናንተ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ የአገሩን ድንበር ሁሉ ሳስከብር የራሴ ቤት ድንበር አልነበረውም። ነገሩ የጀመረው ከስም ነው። አንድ ልጅ ነው ያለን፤ እሱንም ስድስት ዓመት ጠብቀን ነው ያገኘነው። በተወለደ ቀን ከደስታ ብዛት የተነሣ ወሰንየለህ አልኩት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ልጅ ስም ያወጣው መልአክ መሬት ለክቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አስቡት እንግዲህ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ወሰን ስተክል እውልና ቤቴ ገብቼ ልጄን እቅፍ አድርጌ «ወሰን የለህም፣ ወሰን የለህም» እያልኩ አጫውተዋለሁ። ልጁ ታዛዥ ነበር። የተባለውን ሆነ።

አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቦረና ፍየል የሌለ ይመስል ሳዑዲ ሄዶ የሰው ፍየል ጠበቀ፤ ቀጥሎ ጎማ መለጠፊያ ቤት ገባ፤ ከዚያ በአንድ ፌስታል ልብስ ተመልሶ መጣ። ያየውን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። መጀመሪያ «ይረፍ» አልን። አራት ዓመት አረፈ። እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ከምሳ በኋላ ይቅማል፣ ጫቱን በአረቄ ይሰብረዋል፣ አረቄው ሲያልቅ የእናቱን ስም ጠርቶ ይጮህባታል። ዕቃም ከቤቱ እግር አውጥቶ መሄድ ጀመረ። ጃንጥላው ሄደ፤ የሙሉነሽ የነሐስ ሙቀጫ ሄደ፤ ሁለት ዶሮዎች ተከታትለው ሄዱ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሞኙ እኔ መሆኔን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሙሉነሽ ግን ለሁሉም ምክንያት አላት። ጃንጥላው ዝናብ ሆኖ ነው፤ ዶሮዎቹን ሸለምጥማጥ በልቷቸው ነው። ይህን ስትል ግን ቀሚሷ እየሰፋባት፣ የደም ግፊት ኪኒኗ እየበዛ ነበር። የምፈራውን ልንገራችሁ። ወይ እኛ እሱን እንቀብረዋለን፣ ወይ እሱ እሷን ይቀብራታል ብዬ ነበር የምፈራው።

በመጨረሻ የሄደው ሜትሬ ነው። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ በመታሰቢያነት የሰጡኝን ሜትር ወሰንየለህ በአንድ እስር ጫት ለወጠው። ገበያ ወጥቼ አየሁት። ጫት ሻጯ ዳሷን ከአራቱ ምሰሶ ጋር ጠፍራ አስራበታለች፤ ነፋስ ሲመጣ ቢጫው ሜትሬ ይርገበገባል። ሠላሳ ሰባት ሜትር ከሃምሳ ላይ ቋጠሮ አለው። መልሺልኝ ብዬ ለመጠየቅ ኩራቴ አልፈቀደም፤ ቆሜ ቁጥሩን አንብቤ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት ሬዲዮ ሰማሁ። ሬዲዮናችን የተረፈው ሙሉነሽ ትራሷ ሥር ስለምታሳድረው ነው። ድምጿ ለስለስ ያለ አንዲት ባለሙያ ከወላጆቻቸው ቤት ስለማይወጡ ጎልማሳ ልጆች ትናገራለች። ብዙ ነገር አለች፤ እኔ የያዝኩት አንዱን ነው። «ድንበር አብጁ» አለች። «ግልጽ የሆነ፣ የማይታለፍ ድንበር።» እናንተ ይህን ስትሰሙ ምን እንደሚታያችሁ አላውቅም። ለእኔ የታየኝ ድንጋይ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ ለካስ ሕክምና ኖሯል ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ያለ ሽማግሌ የተተከለ ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ አያ እንድሪስ ሄድኩ። አያ እንድሪስ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም ሙት የሚቀብርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት የሰፈራችን ማኅበር ነው። ሰላምታውን ጨርሰን፣ አማን መሆናችንን አረጋግጠን ስናበቃ፣ ቆፍጠን ብዬ «ለልጄ ድንበር ላበጅለት ነውና ይቁሙልኝ» አልኳቸው።

አያ እንድሪስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ሳሙኝ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «እኛኮ መቼ ጉልማ ያወጣለታል እያልን ነበር። አላህ ያግራልህ።»

ጉልማ ማለት አባት ለደረሰ ልጁ ከርስቱ ቆርሶ፣ በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተክሎ የሚሰጠው መሬት ነው። «ሰው ሆነሃል፣ በራስህ ቁም» ማለት ነው። እኔ ልጄን ልቀጣ ነበር የሄድኩት። ነገር ግን በእኛ አገር ድንጋይ የሚተከለው ወይ ለጠብ ወይ ለክብር ነው። አባት ከልጁ ጋር ለድንበር ይጣላል ብሎ ማሰብ ነውር ስለሆነ፣ አያ እንድሪስ ነገሩ ክብር ነው ብለው ደመደሙ። ላርማቸው አፌን ስከፍት ከጓዳ የባለቤታቸው እልልታ ተሰማ። እልል ከተባለ በኋላ ደግሞ ምን ይባላል? አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቅሬው ግማሽ ዳቦ ይዞ ግቢያችን ገባ። ወሰንየለህ በእልልታው ተቀስቅሶ፣ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ በመንገዱ በኩል ካለችው ሰርቪስ ክፍሉ ብቅ አለ። ሰው ሞቶ ይሁን ሰው ተድሮ መለየት አልቻለም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጉንጩን እየሳሙ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ይሉታል። እሱም በድንጋጤ «አብሮ ያብቃን» ይላል።

ግቢውን ለሁለት ልከፍል ተዘጋጀሁ፤ ሰርቪሷና የደሴው መንገድ ዳር ወደ እሱ፣ ትልቁ ቤት ወደ እኛ። «ሜትሩስ?» አሉ አያ እንድሪስ። ወሰንየለህ እግሩን አየ። እኔም፣ ድንበር ላስከብር የቆምኩት ሰውዬ፣ «ውሰት ሄዷል» አልኩ። እንግዲያው በገመድ ይሁን ተባለና ከቤታችን ግድግዳ ሃያ አራት ክንድ ተለክቶ ድንጋዩ ተተከለ። የሙሉነሽ የጌሾ ተክል ከድንጋዩ ወዲያ ቀረ። ይህን ጌሾ አደራ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ሌሊቱን ሳሰላስለው ያደርኩትን የቁጣ ንግግር ከኪሴ አወጣሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ድንጋይ ወዲህ ያለው ዕቃ አይመለከትህም» አልኩ።

«አሚን» አለ ቅሬው በአንድ ድምፅ።

«የምትበላውን ራስህ ታገኛለህ።»

«አሚን፣ ያስገኝልህ።»

«ጫትህም አረቄህም ጩኸትህም ከዚህ አያልፍም።»

«አሚን፣ አያልፍም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቁጣ ተቆጥቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ተመርቆልኝ አያውቅም። አያ እንድሪስ ዱዓውን አሳረጉ፤ «ድንጋዩ ይርጋ፣ ልጁም ይርጋ» አሉ። ጉልማ የወጣለት ሰው ጎጆ ወጥቷልና እዚያው በቆመበት የቅሬ አባል አድርገው መዘገቡት። ብርድ ልብሱን አላወለቀም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ወሰንየለህ መጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። አላለፈም። እግሩን ከድንጋዩ ጋር አስተካክሎ ቆመና «አማን አደሩ?» አለኝ። «ጎረቤት፣ ክብሪት ይኖርዎታል?»

እኛ ቤት ልጅ አባቱን «አንተ» ብሎ ነው ያደገው። ሲያለማም «አንተ»፣ ሲያጠፋም «አንተ»፣ ሰክሮ ሲሰድበኝ እንኳ «አንተ» ነበር የሚለኝ። አሁን እንደ ማንኛውም ደኅና ጎረቤት «አንቱ» አለኝ። እየቀለደብኝ ይሁን እያከበረኝ ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ክብሪቱን ሰጠሁት፤ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ጓዳ ገብቼ፣ ሙሉነሽ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ድንበር የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ለካስ ድንበር ከሁለት ወገን ነው የሚታየው።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። የቃሚ ወዳጆቹ መጥተው ከድንጋዩ ወዲያ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን የሚበላ እንደሌለ ሲያውቁ የእነሱም ወዳጅነት አለቀ። ወሰንየለህ ራበው። መራቡን በመስኮት አየነው። ሙሉነሽ ተንቆራጠጠች፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። አንድ ጎረቤታችን ዐርፈው ነበርና አዲሱ አባል አካፋውን ይዞ መቃብር ቆፈረ። ቅሬ እስከ ረፋድ መተኛትን አያውቅም። እዚያ ከሰው ጋር ሠርቶ፣ ከሰው ጋር በልቶ መጣ፤ በዚያ ቀን ሳይቅም ዋለ። በሦስተኛው ሳምንት የመንገድ ዳር አጥሩን ከፍቶ እንጨት ላይ አሮጌ ጎማ ሰቀለ። የተሰቀለ ጎማ ማለት ጎሚስታ አለ ማለት ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ ከእህል ይልቅ ጎማ ይበላል፤ ሚኒባሱም ባጃጁም እየተንሻፈፈ ይመጣለት ጀመር። የጎማ ውስጥ ላስቲኩን፣ ካላማዳሪያውን ሲለጥፍ፣ በእጅ መንፊያ ሲነፋ፣ ጎንበስ ቀና ሲል ከቤታችን ይታያል። ጫቱ ከየቀኑ ወደ ቅዳሜ ሸሸ።

በዚህ መሐል ሙሉነሽ ጌሾ ትቀጥፋለች። ጠዋት ጌሾ፣ ከሰዓት ጌሾ። ሦስት ወር ሙሉ ጌሾ ስትቀጥፍ አንድ እንስራ ጠላ አልጠመቀችም። ከነጠላዋ ሥር የሆነ ክብ ነገር ይታየኛል፤ ስትመለስ ክቡ ነገር የለም፤ በምትኩ የሚታጠብ ሸሚዝ አለ። አየሁ። ዝም አልኩ። ድንበሩ የልጁ ነው እንጂ የእሷ አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ እንድሪስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡና ሳይቀመጡ «ተከሰሃል» አሉኝ።

«በምን?»

«በድንበር መግፋት።»

እኔ። ጋሽ ሜትሩ። ሠላሳ ዓመት ሰው ያስታረቅሁ። ከሳሹ ደግሞ እጁ በግራሶ እንደተቀባ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ቆሟል።

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ዙሪያ ተቀመጡ። ወሰንየለህ ተነሥቶ ተናገረ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ተከሳሾቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ደኅና ሰዎች ናቸው» አለ። «ግን በየቀኑ ሳህን ያሻግሩብኛል። ልብሴን ወስደው ያጥቡብኛል። መጀመሪያ ሳምንት ራበኝ፤ ሲርበኝ ተነሣሁ። አሁን ሳህኑ ሲመጣ እንደገና መተኛት ያምረኛል። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ከተኛሁ አልነሣም። ድንበሬን ያክብሩልኝ።»

ሙሉነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እኔ ማፈር ሲገባኝ ተቆጣሁ፤ የሙያ ስሜ ተነክቷላ። «ሳህኑ የእናት ነገር ነው» አልኩ። «ድንበር ገፊ ግን አልባልም። ድንጋዩ ከተተከለበት ንቅንቅ አላለም። ይለካ።»

«በምን ይለካ?» አሉ አያ እንድሪስ።

ወሰንየለህ ወደ ሰርቪሷ ገባ። ሲወጣ በእጁ የቆዳ ማኅደር ይዟል። ሜትሬ ነበር፤ ታጥቦ፣ ቋጠሮው ተፈትቶ፣ የተበጠሰው ቦታ ላይ እንደ ካላማዳሪያ በኮላ ተለጥፎ። የጫት ሻጯን ባል የባጃጅ ጎማ በሜትሩ ምትክ ስንት ሳምንት በነፃ እንደነፋላቸውና እንደለጠፈላቸው በኋላ ሰማሁ። ከድንጋዩ ጋር ቆሞ እጁን ዘረጋልኝ።

«እንካ» አለኝ።

እንኩ አላለም። እንካ ነው ያለኝ። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ፊደል መሆኗን የሚያውቅ ሰው፣ ሜትሩን ከመዘርጋቴ በፊት ማኅደሩን ለምን ሁለት ጊዜ ከፍቼ እንደዘጋሁት ያውቃል።

ለካሁ። ሃያ አራት ክንድ አሥራ ሁለት ሜትር መሆን አለበት። ዘጠኝ ሆነ። እንደገና ለካሁ፤ ዘጠኝ። ድንጋዩ ሦስት ሜትር ተነቃንቋል፤ የተነቃነቀው ግን ወደ እሱ አይደለም። ወደ እኛ ቤት ነው። የገዛ ግቢያችን ሦስት ሜትር ጠቧል።

አያ እንድሪስ ከዘራቸውን ወደ ወሰንየለህ አቀኑ። «አንተ ገፍተህ ነው የምትከሰው?»

«ወላሂ አልነካሁትም» አለ ልጄ። ክርስቲያን ነው፤ ግን የወሎ ልጅ ሲጨንቀው በቀረበው ይምላል።

ያን ጊዜ ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ሙሉነሽ ዞርን። ሙሉነሽ ሰማዩን ታያለች። በሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

«ልጁን ጠበበው» አለች በመጨረሻ። «ያ ሁሉ ጎማ የት ይቀመጥ? ጌሾ በቀጠፍኩ ቁጥር በመቆፈሪያው ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ድንጋይንም እንደሚጨምር ያን ቀን ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ድንበር ወደ ሰው የገፋ እንጂ ወደ ራሱ የገፋ አላየሁም። አያ እንድሪስም አላዩም። «አጃኢብ ነው» አሉና መጀመሪያ ትከሻቸው ተናወጠ፤ ቀጥሎ ጥምጣማቸው ተፈታ፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ወሰንየለህ ሊቆጣ ሞከረና አልቻለም። ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ልጄ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እናቱም አብራው ሳቀች፤ አጥፊዋ እሷ መሆኗን የረሳች ትመስል ነበር።

ፍርድ ግን ፍርድ ነው። አያ እንድሪስ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ፈረዱ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ጌሾውን ልጁ እየቀጠፈ ያቀብል፤ ሳህንም ከእንግዲህ ከዚያ ወዲህ እንጂ ከዚህ ወዲያ እንዳይሻገር ተባለ። እሑድ ምሳ ላይ ወሰንየለህ ራሱ የሠራውን ሽሮ ይዞልን መጣ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ ይሄኛው ለምሳም አጠራጣሪ ነበር። ጨው በዝቶበታል፣ ሥሩም አርሯል። ሙሉነሽ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። የደም ግፊቷን አስቤ ስለ ጨው አንድ ነገር ልናገር ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ልጄ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ይቅማል፤ ከድንጋዩ ወዲያ። አንዳንድ ጠዋት የተሰቀለው ጎማ ሥር ባለጉዳይ ቆሞ በሩ ሳይከፈት ይረፍዳል። ያኔ ሙሉነሽ እኔን ታያለች፣ እኔ ድንጋዩን አያለሁ፤ እስኪከፈት ድረስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ድንጋዩን የመመለሱ ሥራ የተሰጠው ለባለሙያው፣ ለእኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ሜትሬን ዘርግቼ፣ መቆፈሪያዬን ይዤ ወጣሁ። እየፈነቀልኩ፣ እያረፍኩ፣ እየፈነቀልኩ አሥር ሜትር ደረስኩ፤ አሥራ አንድ ደረስኩ። ከድንጋዩ ወዲያ ወሰንየለህ የሚኒባስ ጎማ ላይ ተደፍቶ ያፏጫል። ቀና ብሎም አላየኝ። አሥራ አንድ ሜትር ከሰማንያ ላይ ቆምኩ። አንድ ስንዝር ይቀራል። ድንጋዩን አየሁት፤ ልጄን አየሁት፤ ከጎማዎቹ ብዛት እውነትም ቦታው ጠቦታል።

«ደረሰ?» አለችኝ ሙሉነሽ ከበሩ።

«ደርሷል» አልኳትና ሜትሬን ጠቀለልኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ልኬት ዋሽቼ አላውቅም ነበር።